ይታመናል ወይ?

ጠብመንጃ በኛ አገር ብረት ብቻ ሆኖ አያውቅም። ስም አለው፤ ዋጋ አለው፤ ይወረሳል፤ ሲብስም ዳኛ ሆኖ ይቀመጣል። ስለዚህ የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎች ተሰብስበን ስለ ጠብመንጃ እንጻፍ ብንል «እናንተን ምን አገባችሁ?» የሚለን አንባቢ ብዙ ይኖራል ብለን አንገምትም። ካለም መልሳችን አጭር ነው፤ ያገባናል። ግማሾቻችን ያደግነው ምሰሶ ላይ ጠብመንጃ በተንጠለጠለበት ቤት ነው። የቀረነው የከተማ ልጆች ብንሆንም፣ የአያቶቻችንን ፎቶግራፍ አውጥተን ስናይ ከጋቢው ቀጥሎ ዓይን ውስጥ የሚገባው አፈሙዙ ነው።

ነገሩን ያነሣው በመኝታ ክፍላችን ያለው ብቸኛ የምሕንድስና ተማሪ ነው። ይህ ወንድማችን እኛ ልብ ወለድ ስናነብ እሱ የመሣሪያ አሠራር ያነባል። አንድ ሰሞን ታዲያ ነጋ ጠባ ስለ አንድ የኦስትሪያ ጠብመንጃ ይነግረን ጀመር። አጭር ነው አለ። ክፍሎቹ እየተፈቱ ይለዋወጣሉ አለ። አንዱ እንደ አራት ያገለግላል አለ። በመጨረሻም «ይታመናል» አለ። ይህች የመጨረሻዋ ቃል ናት ያልተዋጠችልን። የቋንቋ ተማሪ ሆነን «ይታመናል» የሚለውን ቃል ዝም ብለን ልናሳልፈው አልቻልንም። ለመሆኑ ብረት ይታመናል ሲባል ምን ማለት ነው? የሚያምነው ማነው? ዋጋውስ የሚለካው በምንድነው? ማስረጃ ጠየቅነው፤ አመጣልን። እኛም በበኩላችን ከታሪክ መጻሕፍቱ ያገኘነውን አመጣን። ከዚህ በታች ያለው የዚያ ክርክር ፍሬ ነው።

በቅድሚያ ጠብመንጃውን እናስተዋውቅ። ስሙ ሽታየር አውግ ይባላል። ሽታየር ፋብሪካው ያለበት የኦስትሪያ ከተማ ስም ሲሆን፣ «አውግ» ደግሞ በጀርመንኛ «የሠራዊት ሁለገብ ጠብመንጃ» ለማለት የተጻፉ የሦስት ቃላት መነሻ ፊደላት ናቸው። የኦስትሪያ ጦር እ.ኤ.አ. በ1977 ተቀበለው። ከዚያ በፊት ወታደሮቹ ይዘውት የነበረው በቤልጅግ ንድፍ የተሠራው ፋል ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ይበልጥ ነበር። አዲሱ በተለመደው አፈሙዙ 79 ሳንቲሜትር ብቻ ነው፤ ክብደቱም 3.6 ኪሎ ያህል።

እንዴት አጠረ? አፈሙዙ ተቆርጦ አይደለም። የተለመደው ጠብመንጃ ሰደፍ ትከሻ ላይ ከመደገፍ በቀር ይህ ነው የሚባል ሥራ የለውም። የሽታየር ሰዎች ይህን ባዶ ቦታ ቤት አደረጉት። ካዝናውንና ጥይቱ የሚፈነዳበትን ክፍል ከምላጩ ኋላ፣ ሰደፉ ውስጥ አስገቡት። በዚህም የተነሣ የአፈሙዙ ርዝመት 50.8 ሳንቲሜትር ሆኖ ከአሜሪካኑ ኤም 16 ጋር እኩል ነው፤ የጠቅላላው ጠብመንጃ ርዝመት ግን ከኤም 16 ወደ 20 ሳንቲሜትር ያንሳል። ከመኪና ለሚወርድ፣ በጠባብ በር ለሚገባ ሰው ይህ ቀላል ነገር እንዳልሆነ እኛም አምነናል።

ቀጥሎ መገጣጠሙ ይመጣል። ጠብመንጃው ሲፈታ ስድስት ዋና ዋና ክፍሎች ይሆናል። አፈሙዙ በእጅ ብቻ፣ ያለ መፍቻ፣ በጥቂት ሰኮንድ ይወልቃል። በቦታው ከአራቱ አንዱን መግጠም ይቻላል፤ 35፣ 40.7፣ 50.8 ወይም 62.1 ሳንቲሜትር የሆነውን። አጭሩ ሲገጠም ለታንከኛና ለፓራሹት ወታደር፣ ረጅሙ ከነእግሩ ሲገጠም ለቀላል መትረየስነት ያገለግላል። አካሉ ከፕላስቲክ ነው። ካዝናው ብርሃን ያሳልፋል፤ ስንት ጥይት እንደቀረ ሳይፈቱት ይታያል። (ይህችን የወደድናት እኛ ነን። የወር ገንዘባችንም እንዲህ በሚያሳይ ኪስ ቢቀመጥ ስንት ችግር በቀረልን!)

እንከኑም አልተደበቀም። ግራኝ ተኳሽ እንደመጣለት ቢያነግበው የጥይቱ ቀለህ ወደ ፊቱ ይወረወራል። ለሱ የሚሆን ሌላ መዝጊያ መግጠምና የቀለህ መውጫውን ወደ ግራ ማዛወር ያስፈልጋል። ምላጩና የመተኮሻው ክፍል ስለተራራቁ በመካከላቸው ዘንግ ተዘርግቷል፤ በዚህ ምክንያት ምላጩ ይከብዳል፣ ሲሳብም ትክክለኛ ስሜት አይሰጥም ይላሉ የያዙት። ነጠላና ተከታታይ ተኩስ የሚለየውም በምላጩ ነው። ጥቂት ሲሳብ አንድ ይተኩሳል፣ እስከ መጨረሻው ሲሳብ ያርከፈክፋል። እዚህ ላይ ከመካከላችን አንዱ «የፈራ ሰው ጣቱን ይመጥናል እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ምሕንድስናው መልሱን ለሥልጠና ተወው። እኛም ለጊዜው አለፍነው፤ በኋላ ግን እንመለስበታለን።

እንግዲህ ወደ ቃላችን እንምጣ። በፋብሪካና በጦር ሠራዊት አፍ «ይታመናል» ማለት ቁጥር ነው። ጠብመንጃው ጭቃ ውስጥ ይነከራል፣ አሸዋ ይበተንበታል፣ በረዶ ቤት ያድራል፣ ከዚያም በሺህ የሚቆጠር ጥይት ይተኩሳሉ። ስንት ጊዜ ጥይት ነከሰ? ስንት ጊዜ ከሸፈ? ከዚህ ቁጥር ላይ ፍርድ ይሰጣል። አውግ በዚህ ሚዛን ጥሩ ስም አለው፤ አውስትራሊያም፣ ኒው ዚላንድም፣ አየርላንድም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ የተቀበሉት በከንቱ አይደለም።

ይሁንና ቅርጹን ለሚያደንቅ ሁሉ የእንግሊዞቹን ነገር ማስታወስ ይገባል። እንግሊዞችም እ.ኤ.አ. በ1985 ለወታደሮቻቸው እንደዚሁ አጭር፣ እንደዚሁ ካዝናው ሰደፉ ውስጥ የሆነ ጠብመንጃ አደሉ፤ ኤል 85 ይሉታል። ወረቀት ላይ የጎደለው ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1991 የባሕረ ሰላጤው ጦርነት አሸዋ ላይ ሲወጣ ግን ጉዱ ፈላ። ጥይት ይነክስ ነበር። የካዝናው መልቀቂያ ልብስ ሲነካው ካዝናው ዱብ ይል ነበር። ወታደሩ ለትንኝ ብሎ እጁን የሚቀባው መድኃኒት ሳይቀር ፕላስቲኩን ይበላው ነበር። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የጀርመን መሐንዲሶች ወደ 200,000 የሚሆነውን ጠብመንጃ እንደገና ፈተው እንዲያስተካክሉት ተደረገ፤ ወጪው 92 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። ልብ በሉ፤ የኦስትሪያውና የእንግሊዙ በሐሳብ ወንድማማች ናቸው። አንዱ ታመነ፣ አንዱ ከዳ። ማጠሩ ብቻውን ምስክር አይሆንም ማለት ነው።

ክፍሎቹ የሚለዋወጡ ጠብመንጃ የኦስትሪያ ፈጠራ እንዳልሆነም ደርሰንበታል። ኤም 16 የተወለደበትን ንድፍ ያወጣው አሜሪካዊው ዩጂን ስቶነር እ.ኤ.አ. በ1963 በስሙ የሚጠራ ጠብመንጃ አውጥቶ ነበር። የዚህኛው ነገር ያስገርማል። ዋናው አካሉ ሲገለበጥ ጠብመንጃ የነበረው መትረየስ ይሆናል። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ልዩ ጓዶች በቬትናም ወደዱት፤ ማሪኖችም እ.ኤ.አ. በ1967 እዚያው ጦር ሜዳ ላይ ሞከሩት። ለመላው ሠራዊት ግን ሳይታደል ቀረ፤ ጠቅላላ የተሠራውም 4,000 ያህል ነው። ምክንያቱ ምን ነበር? ውስብስብ ነው፤ ጽዳት ይፈልጋል፤ ክፍሎቹን በሚገባ የሚያውቅ እጅ ይፈልጋል። ተመርጠው ለሠለጠኑት ጥቂቶች ታማኝ ሆነ፤ ትናንት ተመልምሎ ዛሬ ለሚዘምተው ብዙኃን ግን አደራ የሚጣልበት አልሆነም። ብረቱ ያው አንድ ብረት ነው። የተለያየው የያዘው እጅ ነው።

አሁን የጣቱን ጥያቄ እናንሣ። እ.ኤ.አ. ከጥር እስከ ግንቦት 1993 አንድ የአውስትራሊያ ሻለቃ በሶማሊያ፣ ባይዶዋ ሰፍሮ ነበር፤ ረሐብ ለገባበት ሕዝብ የሚላከውን እህል ሊጠብቅ። ወታደሮቹ የያዙት አገራቸው በፈቃድ የሠራችውን አውግ ነው። አውስትራሊያውያኑ ምላጩ ላይ ተከታታይ ተኩስን የሚከለክል ቁልፍ አስጨምረውበታል፤ ያ የጓደኛችን ጥያቄ እነሱንም አሳስቧቸው ኖሯል ማለት ነው። ያም ሆኖ በዚያ ዘመቻ ከሻለቃው አንድ ወታደር ሞተ። የሞተው በጠላት እጅ አይደለም፤ ከወገን በባረቀ ጥይት ነው። ጠብመንጃው የተሠራበትን አድርጓል። ምላጩ ተስቧል፣ ጥይቱ ወጥቷል። በፋብሪካው ቋንቋ እንዲህ ያለው መሣሪያ «ታማኝ» ነው። በእናትዬው ቋንቋስ?

እስከዚህ ድረስ የሰው አገር ወሬ ነው። ከዚህ በኋላ ወደ ቤታችን እንግባ።

አያቶቻችን ጠብመንጃን በስም ነበር የሚያውቁት። ከፈረንሳይ የመጣው የግራ ጠብመንጃ ውጅግራ ሆነ። የኦስትሪያው ማንሊኸር ምንሽር ሆነ። (ሽታየርና ምንሽር የአንድ ከተማ ልጆች ናቸው ብንላቸው ምን ይሉን ይሆን? ማንሊኸርም ይሠራ የነበረው እዚያው ሽታየር ነው።) አልቢን አለ፣ ስናድር አለ፣ ለበን አለ፣ በልጅግ አለ። ከባዕድ አፍ የወጣውን ስም ሕዝቡ ተቀብሎ፣ አሽቶ፣ በፉከራና በቀረርቶ የገዛ ራሱ አደረገው። ቋንቋችን ጠብመንጃውን የራሱ አደረገ፤ እንደ ቋንቋ ተማሪነታችን ይህ ያኮራናል። ጥይቱን ግን ልናደርገው አልቻልንም።

ይህን ስንል በምክንያት ነው። በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የዘመተው ሠራዊት የያዘው መሣሪያ ከብዙ አገር የተገዛ፣ ዓይነቱ የተዘበራረቀ ነበር። የውጅግራ ጥይት ለምንሽር አይሆንም፣ የምንሽሩም ለአልቢን። በዚያ ዘመን ጥይት እንደ አሞሌ ጨው በገበያ መገበያያ እስከ መሆን የደረሰውም ያለ ነገር አይደለም። ውድ ስለሆነ፣ ሁሉም ስለሚፈልገው፣ ከሩቅ ስለሚመጣ ነው። በ1928 ዓ.ም. ወረራው ሲመጣ ደግሞ የአውሮፓ መንግሥታት ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም አሉ። ጣሊያን የራሷ ፋብሪካ ነበራት፤ ስለዚህ ክልከላው የከበደው በኛ ላይ ነው። ጀግናው አነጣጥሮ ምላጭ ሲስብ፣ ነገሩ የተወሰነው ከሱ እጅ ርቆ ባለ ቢሮ ውስጥ ነበር።

ከዚያ ወዲያም ታሪኩ ተደገመ። እ.ኤ.አ. በ1953 ከአሜሪካ ጋር ስምምነት ተፈረመ፤ ወታደሩ በአሜሪካ መሣሪያ ሠለጠነ። እ.ኤ.አ. በ1977 ከአሜሪካ ጋር ያለው ነገር ተበላሸ፤ መሣሪያውም መለዋወጫውም ቆመ፤ ሶማሊያ ደግሞ ወርራለች። መሣሪያ ከሶቭየት ኅብረት በአየርና በባሕር ጎረፈ፤ ክላሽም መጣ። ያ አሮጌው መሣሪያ በአንድ ሌሊት ዛገ እንዴ? አልዛገም። የማይታመን የሆነው መለዋወጫው ከሚመጣበት አገር ጋር ስንጣላ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባል የለ!

ምሕንድስናው ጓደኛችን እዚህ ላይ ጥሩ መልስ አለው፤ በሐቅ ልናቀርብለት ይገባል። «እኔም እኮ የምለው ይኸንኑ ነው» ይላል። «ክፍሎቹ የሚለዋወጡ ጠብመንጃ አፈሙዙ ቢያረጅ አፈሙዙ ብቻ ይቀየራል። ክላሽ እኮ አፈሙዙ በኃይል ተገፍቶ ገብቶ፣ በፒን ተጠርቆ ነው የሚቀመጠው፤ ለመቀየር ወርክሾፕ ይፈልጋል። ሁለገቡ ሲሆን አራት ዓይነት መሣሪያ ከመግዛት አንድ ትገዛለህ፣ አንድ ሥልጠና ትሰጣለህ፣ አንድ ዓይነት ጥይት ታከማቻለህ። ዐድዋ ላይ የነበረውን ዝብርቅርቅ የሚያጠፋው ይህ ነው።»

እውነቱን ነው። ግን ያ አራት ዓይነት አፈሙዝ የት ይቀመጣል? ግምጃ ቤት። ማን ይመዘግበዋል? ንብረት ክፍል። ማን ይጠግነዋል? ተምሮ ደመወዝ የሚቀበል ባለሙያ። ገንዘቡስ? በየዓመቱ ከሚጸድቅ በጀት። ስለዚህ ሁለገቡ ጠብመንጃ ብቻውን የሚቆም ዕቃ አይደለም፤ ከኋላው መሥሪያ ቤት የቆመለት ዕቃ ነው። ኒው ዚላንድ ወደ ሠላሳ ዓመት ተገልግላበት፣ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ባሉት ዓመታት በሌላ ተካችው። አውስትራሊያ ደግሞ አሻሽላ አዲስ ዓይነት አወጣች። ሠላሳ ዓመት ሠርቶ፣ በወግ ተቆጥሮ፣ በመዝገብ ወጪ ሆኖ ይሰናበታል፤ እንደ ማንኛውም የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ ይወጣል።

የኛ ቤት ምንሽር ግን ጡረታ የለውም። ለሦስት ትውልድ ምሰሶው ላይ አለ። ከመካከላችን የአንዱ አያት ባረፉ ጊዜ አስከሬኑ ከቤት ሲወጣ በራሳቸው ጠብመንጃ ሦስት ጥይት እንዲተኮስ ተባለ። አጎትየው አነገበ፤ የመጀመሪያው ጮኸ። ሁለተኛው ከሸፈ። ሦስተኛውም ከሸፈ። ማንም አልሳቀም። ማንም ዘወር ብሎ አላየም። አልቃሾቹ ሦስቱም እንደተተኮሱ ቆጥረው ሙሾውን ቀጠሉ። በሽታየር ሚዛን ይህ ከሦስት ሁለት የሚከሽፍ፣ ወዲያ የሚጣል ብረት ነው። በዚያ ግቢ ግን ዋጋው ከቤቱ በሬ ሁሉ ይበልጥ ነበር። የሚታመነው ለሌላ ሥራ ነበራ!

እዚህ ላይ ጽሑፉ ቢያልቅ ደስ ባለን። ነገር ግን እኛ ይህንን እየጻፍን ሳለ ከመካከላችን ለአንዱ ከአገር ቤት ስልክ ተደወለ። ደዋዩ አባቱ ናቸው። ከሰላምታው፣ ከዝናቡና ከእናትየው ወገብ ቀጥሎ ነገሩ መጣ። አንድ ሰው ታጣፊ ክላሽ ሊሸጥላቸው ይፈልጋል። ዋጋው የሁለቱ የእርሻ በሬዎች ዋጋ ነው። «የተማረ ይግደለኝ ይባላል» አሉ አባትየው። «አንተ ተምረሃል ልጄ፤ ይታመናል ወይ?»

ቃሏ ራሷ ናት። እኛ ሳምንት ሙሉ የተከራከርንባት ቃል አገር ቤት ሁለት በሬ ይዛ ጠበቀችን።

ማታውኑ ቁጭ ብለን መዘንን። በመጀመሪያ ብረቱን። ሐሰት መናገር አይቻልም፤ ክላሽ ይታመናል። የሚንቀሳቀሱት ክፍሎቹ በመካከላቸው ክፍተት ስለተተወላቸው አቧራና ጭቃ ቶሎ አያነክሰውም፤ አሠራሩ ቀላል ነው፤ ፊደል ያልቆጠረም ፈቶ ይገጥመዋል። ታጣፊው ሰደፉ ሲታጠፍ ወደ 65 ሳንቲሜትር ይወርዳል፤ በጋቢ ሥር ይገባል። እዚህ ላይ ቆም አልን። በጋቢ ሥር መግባቱ ለማን ነው የሚጠቅመው? ቤቱን ለሚጠብቅ ሰው ጠብመንጃው ቢታይለት ይሻለዋል። መደበቅ የሚፈልገው ወደ ሰው ቤት የሚሄደው ነው። ማጠር እንደ ያዡ ሥራ ትርጉሙ ይለያያል፤ ወታደሩ ከመኪና ለመውረድ ይፈልገዋል፣ ሽፍታው ገበያ ለመግባት ይፈልገዋል።

ከዚያ ከብረቱ ኋላ ያለውን መዘንን። ሻጩ ከየት አመጣው? ከስንት እጅ አለፈ? ምን ተሠራበት? ጥይቱስ ዛሬ በስንት ይገኛል፣ ነገ ደግሞ በስንት? ሕጉም አለ፤ የ2012 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ አዋጅ ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። ገበሬው እንደ አውስትራሊያ ሻለቃ ግምጃ ቤት የለውም፤ ግምጃ ቤቱ አልጋው ሥር ነው፣ መዝገቡ የራሱ ትዝታ ነው፣ በጀቱም እነዚያ ሁለት በሬዎች ናቸው።

በመጨረሻ ዋጋውን መዘንን። በሬ የሌለው ገበሬ መሬቱን የእኩል ይሰጣል፤ ከምርቱ ግማሹ ሄደ ማለት ነው። ይህ በየዓመቱ ነው። ደግሞም እኚህ አባት ሲገዙ ጎረቤትየው ያያል፤ እሱም በሬውን ይሸጣል። ከዚያ የእሱ ጎረቤት። በሁለተኛው ዓመት መንደሩ ሁሉ ታጥቋል፤ ማንም ከማንም አልበለጠም፤ ቀድሞ የነበረው ፍርሃት እንዳለ አለ። የጎደሉት በሬዎቹ ናቸው።

ጓደኛችን ይህን ሁሉ በስልክ ለአባቱ ነገራቸው። አባት ጸጥ ብለው ሰሙ። ከዚያም አሉ፤ «መልካም ብለሃል ልጄ። ዘንድሮ ከብት የተነዳበት ማነው? ባዶ እጁን የነበረው ነው። ያ የታጠቀው በር ላይ ማንም አልቆመም።»

ይህን መልስ የሚያፈርስ ነገር በመጽሐፋችን ውስጥ ፈልገን አላገኘንም። ሰውየው የሚናገሩት ያዩትን ነው። የእኛ ሒሳብ ስለ መንደሩ ነው፤ የሳቸው ስለ ቤታቸውና ስለ ዛሬ ሌሊት። ሁለቱም ሒሳብ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ችግሩም እዚያው ላይ ነው። ልጅየው ግን ዝም አላለም። «ጠብመንጃውማ ይታመናል አባዬ» አላቸው። «ያልታመነው ሌላው ነው።»

«ሌላው ማነው?» አሉ።

እስኪ እናንተም መልሱ። ሌላው ማነው? ከብት ሲነዳ ተከትሎ የሚያስመልሰው ፖሊስ ነው? ሌባው ሲያዝ የሚፈርደው ዳኛ ነው? በዳይና ተበዳይን ከዋርካ ሥር አስቀምጠው ያስታርቁ የነበሩት ሽማግሌዎች ናቸው? ወይስ ጩኸት ሲሰማ ዱላውን ይዞ የሚወጣው ጎረቤት? እነዚህ ሁሉ በተራቸው ጥይት የነከሱ ዕለት ነው ገበሬው ብረቱን ብቻ አምኖ በሬውን የሚሸጠው። ኦስትሪያዊው ወታደር ጠብመንጃውን የሚያምነው ከኋላው የቆመውን ግምጃ ቤት፣ ከግምጃ ቤቱም ኋላ የቆመውን ሕግ ስለሚያምን ነው። ጠብመንጃውን ሥራ ሲጨርስ መልሶ ያስረክባል፤ ቤቱ ሲገባ ባዶ እጁን ይተኛል። እዚያ ያለው ትልቁ መሣሪያ ይህ ባዶ እጅ መተኛት ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም። እሱ ደግሞ ክፍሎቹ በስድስት የሚፈቱ፣ በገንዘብ የሚገዛ ዕቃ አይደለም።

እንግዲህ ፍርዳችንን እናሰማ። ሽታየር አውግ ጥሩ ጠብመንጃ ነው፤ ምሕንድስናው በዚህ ረትቶናል። አጭርነቱ ጥቅም አለው፤ መለዋወጡም ብልሃት ነው። ዋጋው ግን ፋብሪካው ከጻፈው ላይ አያልቅም። ግምጃ ቤቱን፣ ባለሙያውን፣ መለዋወጫ የሚልከውን አገር ወዳጅነት፣ የተኳሹን ጣት ሥልጠና ሁሉ ደምሮ ነው። ይህን ሁሉ ላሟላ ሠራዊት ይታመናል። ላላሟላ ግን ከሦስት ሁለት ከሚከሽፈው የአያታችን ምንሽር ብዙም አይሻልም፤ ምንሽሩ ቢያንስ ለቅሶ ያደምቃል።

ስለ ታጣፊው ክላሽ ግን ፍርድ ለመስጠት አልደፈርንም፤ የምንፈርደው በሰው በሬ ነውና። የምንለው አንድ ነገር ነው። አባት ልጁን «ይታመናል ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚጠይቀው ስለ ብረት አይደለም። ነገ የሕግ፣ የአስተዳደርና የመምህርነት ወንበር ላይ የምንቀመጠው እኛው ነን። ስለ እኛ እየጠየቀ እንደሆነ ማወቅ ይገባናል። ከኛ መካከል ዳኛ የሚሆን አለ፤ ይታመናል ወይ? የወረዳ ሹም የሚሆን አለ፤ ይታመናል ወይ? ስንቱ ወደ አገር ቤት ይመለሳል፣ ስንቱስ በስልክ ይመክራል?

በሬዎቹ እስከ ዛሬ አልተሸጡም። በዚህ ክረምት አርሰዋል። ለሚቀጥለው ግን ዋስ የለንም። አንባቢዎቻችን በዚህ ጉዳይ ያላችሁን ተቃውሞም ሆነ ድጋፍ ለሚቀጥለው እትም ጻፉልን፤ በተለይ ሕግ የምታጠኑ። አባትየው መልስ እየጠበቁ ነው።